የክፍያ ካርድና የክፍያ መረብ፦ ከምልክቱ በፊት ውሉን እንመልከት



ለየቲም ልጅ የሚሰጥ ገንዘብ ከለጋሹ ኪስ ወጥቶ ከልጁ እጅ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል። ቀደም ባለው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚመጣ ታማኝ ሰው ተፈልጎ፣ ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ አደራ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን ያ ታማኝ ሰው የነበረበትን ቦታ ባንክ፣ ካርድና ስልክ ይዘውታል። መልእክተኛውን እናውቀው ነበር፤ ካርዱን ግን ብዙዎቻችን ሳናውቀው እንይዘዋለን።

በዚህ ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። የመጀመሪያው የለጋሾች ጥያቄ ነው፦ «ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካርድ መያዝ ከሪባ ጋር ያነካካል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአሳዳጊዎች ጥያቄ ሲሆን፣ «ለልጁ ገንዘብ የሚስማማው የትኛው ካርድ ነው?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት በአንድ ቁልፍ ነው፤ እርሱም በካርዱ ጥግ ላይ የታተመውን ምልክትና ከካርዱ በስተኋላ ያለውን ውል ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ሦስቱ የካርድ ዓይነቶች

ካርዶች በመልካቸው ቢመሳሰሉም በውላቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ዴቢት ካርድ ነው። ይህ ካርድ ባለቤቱ በባንክ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ የሚያወጣበት መክፈቻ ነው። በሒሳቡ ውስጥ 2,000 ብር ካለ ከዚያ በላይ ማውጣት አይችልም። አበዳሪም ተበዳሪም በመካከሉ የለም።

ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ካርድ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ በካርዱ ላይ ይሞላል፤ የተሞላው ሲያልቅ ካርዱ ሥራውን ያቆማል። ለመንገደኞች በውጭ ምንዛሪ ተሞልተው የሚሰጡ ካርዶች ከዚህ ወገን ናቸው። በዚህም ላይ ብድር የለም።

ሦስተኛው ክሬዲት ካርድ ነው። እዚህ ላይ ባንኩ ከራሱ ገንዘብ ይከፍላል፤ ባለ ካርዱ ደግሞ የባንኩ ባለዕዳ ይሆናል። ዕዳው በተወሰነው ቀን ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ወለድ ይቆጠርበታል። ሪባ የሚገባው በዚህ በር ነው።

በአገራችን ሰዎች በልማድ ማንኛውንም የባንክ ካርድ «ክሬዲት ካርድ» ብለው ሲጠሩት ይሰማል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ባንኮች ለሕዝቡ የሚሰጡት ካርዶች በአብዛኛው ዴቢት ካርዶች ናቸው። ስለዚህ በአሰላ፣ በኢተያ ወይም በበቆጂ ከባንክ ካርድ የወሰደ ሰው በአብዛኛው የያዘው የራሱን ገንዘብ ማውጫ እንጂ የብድር ካርድ አይደለም። ይሁንና በስሙ ብቻ ከመተማመን ይልቅ ካርዱን የሰጠውን ባንክ መጠየቅ ይበጃል።

የክፍያ መረብ ምን ይሠራል?

አንድ ለጋሽ ለየቲም ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊገዛ አሰላ ከተማ ወደሚገኝ ሱቅ ገባ እንበል። ለጋሹ ካርዱን ያወጣው ከአንድ ባንክ ነው፤ የባለ ሱቁ ሒሳብ ያለው ግን በሌላ ባንክ ነው። ሁለቱ ባንኮች በቀጥታ አይነጋገሩም። በመካከላቸው ሆኖ መልእክት የሚያመላልሰው ተቋም የክፍያ መረብ ይባላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ካርዱ በፖስ ማሽኑ ላይ ሲገባና የምስጢር ቁጥሩ ሲነካ ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ነጋዴው ባንክ ይሄዳል። የነጋዴው ባንክ ለመረቡ ያስተላልፋል፤ መረቡም የካርዱን ቁጥር አይቶ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያደርሳል። ያም ባንክ ሒሳቡን ተመልክቶ «በቂ ገንዘብ አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ገንዘቡ ግን በዚያች ቅጽበት ከባንክ ወደ ባንክ አይዘዋወርም፤ ባንኮቹ የዕለቱን ሒሳብ አጣርተው ልዩነቱን የሚያወራርዱት በኋላ ነው።

እንግዲህ መረቡ ለባለ ካርዱ አያበድርም፤ ገንዘቡንም አያስቀምጥም። ከአዳማ ወደ አሰላ እንደሚመጣው አስፋልት ነው። በአስፋልቱ ላይ የገብስ ጭነትም ያልፋል፣ ሌላ ጭነትም ያልፋል፤ ጭነቱ ሐላል ይሁን ሐራም የሚለየው በባለ ጭነቱ እንጂ በመንገዱ አይደለም። ቪዛ የሚል ምልክት ያለበት ዴቢት ካርድ አለ፤ ቪዛ የሚል ምልክት ያለበት ክሬዲት ካርድም አለ። ምልክቱ አንድ ሆኖ ውሉ ይለያያል።

መንገዱ ግን በነጻ አይደለም። ባለ ሱቁ 1,000 ብር ሲሸጥ ሙሉውን ላያገኝ ይችላል፤ ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን ይነሳል። ኮሚሽኑንም ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ መረቡና የነጋዴው ባንክ ይካፈሉታል። በብዙ አገሮች ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ይህ ድርሻ ለግለሰብ ዴቢት ካርድ ከ0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት ካርድ ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በአሜሪካ ግን ክሬዲት ካርድ ተቀባዩን ከዚህ እጅግ የበዛ ያስከፍላል። ይህ ልዩነት ለለጋሾች ምን ትርጉም እንዳለው ወረድ ብለን እናየዋለን።

ከዓለም እስከ አሰላ

የካርድ ክፍያ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ ባንክ በካሊፎርኒያ ያወጣው ካርድ ከጊዜ በኋላ በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ። ሌሎች ባንኮች በ1966 የመሠረቱት ማኅበር ደግሞ በ1979 ማስተርካርድ ተባለ። ቻይናም በ2002 ዩኒየንፔይ የተባለውን የራሷን መረብ አቋቋመች። ካርዱ በየትኛው መረብ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቁጥር መለየት ይቻላል፤ የቪዛ ካርድ በ4፣ የማስተርካርድ በአብዛኛው በ5፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ በ3 ይጀምራል።

በኢትዮጵያ የኤቲኤም አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአዲስ አበባ ባቆማቸው ጥቂት ማሽኖች ነበር። ዳሸን ባንክ ደግሞ በበኩሉ የቪዛን፣ ቀጥሎም የማስተርካርድን አገልግሎት አስገባ። በዚያ ዘመን የነበረው ችግር እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ማሽን ለራሱ ደንበኛ ብቻ ማቆሙ ነበር። ይህን ለማቃለል አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንኮች ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ የተባለውን የጋራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አቋቋሙ። በ2011 ደግሞ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 ወጣ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ባንኮች በጋራ ኢትስዊች የተባለውን ብሔራዊ ስዊች መሠረቱ፤ እርሱም በ2016 የባንኮችን ኤቲኤም እርስ በእርስ አገናኘ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ባንክ ደንበኛ በሌላው ባንክ ማሽን ገንዘቡን ማውጣት ይችላል፤ ለዚህ ግን ተጨማሪ የአገልግሎት ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ኢትስዊች ለእኛ የአገር ውስጥ መንገድ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች «መዳ» የሚለውን ጽሑፍ በካርዳቸው ላይ አይተውት ይሆናል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1990 ተመሥርቶ በ2015 በአዲስ ስም የተጠራው የሳዑዲ ብሔራዊ መረብ ነው። አንድ ካርድ ሁለት ምልክት ሲኖረው፣ አንዱ ለአገር ውስጥ ሌላው ለውጭ አገር መንገድ ነው ማለት ነው። በእኛም አገር በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ ካርድ የዓለም አቀፍ መረብ ምልክት ስላለበት ብቻ በመካ ወይም በዱባይ ይሠራል ማለት አይደለም። ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዝ ሰው ይህን ከመነሳቱ በፊት ከባንኩ ማረጋገጥ ይገባዋል።

የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ካርድ ምን አሉ?

በባንኮቻችን መስኮት ላይ የምናነበው «ሐዋላ» የሚለው ቃል ከፊቅህ የመጣ ነው። ሐዋላ ማለት ዕዳን ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ጫንቃ ማዛወር ማለት ነው። የዘመናችን ሊቃውንት የካርድን ውል ሲመረምሩ አንዳንዶቹ ከሐዋላ፣ አንዳንዶቹ ከከፋላ ማለትም ከዋስትና፣ ሌሎቹም ከወካላ ማለትም ከውክልና ጋር አመሳስለውታል።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በሪያድ ባካሄደው 12ኛ ጉባኤው በውሳኔ ቁጥር 108 ነገሩን ዘርዝሮታል። በሒሳብ ውስጥ ባለ ገንዘብ ያልተሸፈነ፣ ማለትም የብድር የሆነ ካርድ፣ በውሉ ውስጥ የወለድ ግዴታ ካለበት መስጠትም ሆነ መጠቀም አይፈቀድም፤ ባለ ካርዱ ከወለድ ነጻ በሆነው ጊዜ ውስጥ ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። የወለድ ግዴታ የሌለበት ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ባንኩ ካርዱን ለመስጠትና ለማደስ የተወሰነ የአገልግሎት ዋጋ መቀበሉ፣ ከነጋዴውም ኮሚሽን መውሰዱ ክልክል አይደለም፤ ነጋዴው በካርድ ለሚከፍለው ገዢ በጥሬ ገንዘብ በሚሸጥበት ዋጋ መሸጡ እንደተጠበቀ ሆኖ። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ከባንኩ መበደር በመሆኑ፣ በብድሩ መጠን ወይም በጊዜው ልክ የሚጨምር ክፍያ ሪባ ይሆናል፤ ለአገልግሎቱ የሚከፈል የተቆረጠ ዋጋ ግን ይፈቀዳል። በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ አንዳንድ ሊቃውንት ዕዳውን በጊዜው ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው በችግር ምክንያት ያቃለሉበት አስተያየትም አለ። እያንዳንዱ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ስለ ዴቢት ካርድ ደግሞ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ካርዱ ብድር ባይኖርበትም የተያያዘበት የቁጠባ ሒሳብ ወለድ የሚከፍል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ሳይሆን ሒሳቡን መምረጥ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የሚያስችለው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክም በ2021 ሥራ ጀምረዋል። በእነዚህ ባንኮችም ሆነ በሌሎቹ ባንኮች መስኮት የወዲዓ፣ ማለትም የአደራ ሒሳብ ከፍቶ ዴቢት ካርድ መያዝ ይቻላል።

ከውጭ አገር ለምትለግሱ

ከአርሲ ወጥታችሁ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ የተሸሸገ ጉዳይ አለ። በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት በኩል በክሬዲት ካርድ ገንዘብ ስትልኩ፣ ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። በዚህ ጊዜ ወለዱ የሚጀምረው በዚያው ዕለት ነው፤ ከወለድ ነጻ የሆነ የመክፈያ ቀን የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ዕዳ የሚከፍል ጥንቁቅ ሰው እንኳ ሳያስበው ወለድ ሊከፍል ይችላል። ሶደቃ ለመላክ ብሎ ሪባ መክፈል እንዴት ያለ ኪሳራ ነው! መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ መላክ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የኮሚሽን ነው። አንድ ለጋሽ በካርድ 100 ዶላር ሲሰጥ ኮሚሽኑ 3 በመቶ ቢሆን ለየቲሙ የሚቀረው 97 ዶላር ነው። በየወሩ ቢሰጥ በዓመት 36 ዶላር በመንገድ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ለሶደቃ ቢታለፍ እንኳ ለዘካ ማሰብን ይጠይቃል፤ የማድረሻው ወጪ ከዘካው ላይ እንዳይነሳ ለጋሹ ክፍያውን ከላይ ጨምሮ ቢሰጥ የተመረጠ ነው። በየወሩ በትንሽ በትንሹ ከመላክ በሦስት ወር አንድ ጊዜ መላክም የተቆረጠውን የማስተላለፊያ ክፍያ ይቀንሳል። ቤተሰቡ ግን በመካከል እንዳይቸገር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ሦስተኛው የምንዛሪው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ከቀን ቀን፣ ከባንክም ባንክ ይለያያል። «ያለ ክፍያ እናስተላልፋለን» የሚል ድርጅት ትርፉን በምንዛሪው ውስጥ ሊያስቀምጠው ስለሚችል፣ የሚጠየቀው ጥያቄ «ክፍያው ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ቤተሰቡ በመጨረሻ ስንት ብር ይደርሰዋል?» የሚል መሆን አለበት።

ለየቲም አሳዳጊዎች

የየቲም ገንዘብ ተራ ገንዘብ አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ስለ የቲሞች ገንዘብ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። በመሆኑም ለልጁ የሚመጣው ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል ራሱን በቻለ ሒሳብ ቢቀመጥ ይመረጣል። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሒሳብ ለመክፈት ባንኩ የሞግዚትነት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከፍርድ ቤት የተሰጠውን ውሳኔ አስቀድሞ ማዘጋጀት መመላለስን ያስቀራል።

ባንክ ስትመርጡ ከምልክቱ ይልቅ ርቀቱን ተመልከቱ። ከገጠር ቀበሌ ተነስታ አሰላ ድረስ ለምትመጣ እናት የመሳፈሪያው ዋጋ ከማንኛውም የካርድ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ለገበያ የምትወጡበት ከተማ በቆጂ፣ ሳጉሬ ወይም ሁሩታ ከሆነ በዚያ ከተማ ቅርንጫፍ ወይም ኤቲኤም ያለውን ባንክ ምረጡ። ኤቲኤም በሌለበት አካባቢ የስልክ ገንዘብ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ቴሌብር ለምሳሌ በተራ የእጅ ስልክ *127# በመደወል ይሠራል።

ካርድ ለሁሉም ሰው አይስማማም። ማንበብ ለማይችሉ አያት ካርድ ሰጥቶ መሄድ እርዳታ አይደለም፤ የምስጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ወይም ከማሽኑ አጠገብ ለቆመ ሰው እንዲናገሩ ያስገድዳቸዋል። ለእኒህ አያት የባንክ ደብተርና በመስኮት የሚሰጥ አገልግሎት ከካርድ ይሻላቸዋል። ሰልፉ ቢረዝምም ገንዘባቸውን በገዛ እጃቸው ይቀበላሉ።

ካርድ ለያዛችሁ ደግሞ እነዚህን አደራ እንላለን።

የምስጢር ቁጥራችሁን በካርዱ ላይም ሆነ በማኅደሩ ውስጥ አትጻፉ። ባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው፤ እውነተኛ ባንክ ይህን አይጠይቅም። በካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ 3 አኃዝ ቁጥርም ለማንም አታሳዩ።

ማሽኑ ገንዘብ ሳይሰጥ ከሒሳባችሁ ላይ ከቀነሰ፣ አቤቱታ የሚቀርበው ማሽኑን ላቆመው ባንክ ሳይሆን ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ነው። ከላይ እንዳየነው የሒሳባችሁ መዝገብ ያለው በእርሱ ዘንድ ነውና። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማሽኑን ቦታ መዝግቡ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ካርዱ ቢጠፋ በዚያው ዕለት ደውላችሁ አሳግዱ። የወጣውን ገንዘብ ለምን እንደዋለ በደብተር ጻፉ፤ ልጁ ሲያድግ የሚጠይቀው፣ አላህም ዘንድ የምንጠየቅበት ሒሳብ ነውና።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማንኛውንም ካርድ ከመውሰዳችሁ በፊት ባንኩን አምስት ነገር ጠይቁ። በዚህ ካርድ የሚወጣው ገንዘብ የእኔ ነው ወይስ የባንኩ? ካርዱ የተያያዘበት ሒሳብ ወለድ አለበት ወይ? በዓመት፣ በሌላ ባንክ ማሽንና ካርዱ ሲጠፋ የምከፍለው ስንት ነው? ካርዱ የሚሠራው በአገር ውስጥ ብቻ ነው ወይስ በውጭም? ችግር ሲገጥመኝ የምደውለው በየትኛው ቁጥር ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ያገኘ ሰው በካርዱ ጥግ ላይ የታተመው ምልክት ምንም ይሁን ምን፣ የያዘውን ነገር አውቆ ይይዛል።

መንገዱ ብዙ ነው፤ አደራው ግን አንድ ነው። ለጋሹ የሰጠው ሳይጎድል፣ በሪባም ሳይነካ ከየቲሙ እጅ እንዲደርስ አላህ ያግዘን። ወላሁ አዕለም።